ሐኪም በሌለበት ሌሊት የሚወስነው ማን ነው?

ከዋሽንግተን ከተማ አጠገብ በሚገኝ በአንድ የአረጋውያን መጦሪያ ቤት ሰማንያ አራት ዓመት የሞላቸው አንዲት ባልቴት ይኖራሉ እንበል። ጊዜው በእኛ አቆጣጠር ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ነው። ጎናቸውን ልታገላብጥና አንሶላቸውን ልትለውጥ ወደ ክፍላቸው የገባችው ረዳት አስታማሚ ምናልባት የአገራችን ልጅ ትሆናለች፤ በዚያ አካባቢ በዚህ ሥራ የተሰማሩ ኢትዮጵያውያን ብዙዎች ናቸውና። ልጅቱ የባልቴቲቱን ግንባር በመዳፏ ዳስሳ እንደሚያተኩሳቸው ታውቃለች። እራታቸውን እንዳልበሉ፣ ከትናንት ወዲህም የቀረበላቸውን ውሃ እንደማይጨርሱ፣ ዘወትር ስለ ልጅ ልጆቻቸው ሲያወጓት የነበሩት ሰው ዛሬ ዝም ማለታቸውን ታስታውሳለች። ወጥታም ለተረኛዋ ነርስ፣ «ሲስተር፣ እኒያ የዳር ክፍሏ እናት ዛሬ እንደ ወትሯቸው አይደሉም፤ እባክዎ መጥተው ይዩአቸው» ትላለች።

ነርሷም መጥታ ሙቀታቸውን ትለካለች፤ የልብ ትርታቸውን ትቆጥራለች፤ ሲያስላቸውም ትሰማለች። ከዚህ አልፋ ለመሄድ ግን ሥልጣን የላትም። ደማቸው ይመርመር ለማለት፣ በደም ሥር ፈሳሽ ይሰጣቸው ለማለት፣ የሳምባ ምች መድኃኒት ይጀመርላቸው ለማለት ፊርማ ያለው ሰው ያስፈልጋል። ስለዚህ ስልክ ትደውላለች። የባልቴቲቱ ሐኪም ያን ሌሊት ተረኛ ስላልሆነ ስልኩን የሚያነሣው ሌላ ሐኪም ነው። ይህ ሐኪም ባልቴቲቱን አይቷቸው አያውቅም፤ በስልክ የሚሰማው ዕድሜያቸውንና የትኩሳታቸውን ቁጥር ብቻ ነው። በእንዲህ ያለ ጊዜ ኃላፊነት ያለበት ሰው የሚመርጠው ምን እንደሆነ የታወቀ ነው፤ «ወደ ሆስፒታል ይላኩ» ይላል።

አምቡላንስ ይመጣል። ባልቴቲቱ ከሞቀ አልጋቸው ተነሥተው በብርድ ሌሊት ይጫናሉ። በሆስፒታሉ የድንገተኛ ክፍል መተላለፊያ ውስጥ በጠባብ አልጋ ላይ ተኝተው፣ የማያውቁት ፊት ከበባቸው፣ መብራቱ በማይጠፋበት ሥፍራ ያነጋሉ። አረጋውያን በዚህ ዓይነት ሥፍራ ሲገቡ አእምሯቸው መደናገሩ፣ ቀኑንና ሌሊቱን መለየት መሳናቸው ሐኪሞች ሁሉ የሚያውቁት ነገር ነው። ከሳምንት በኋላ ትኩሳቱ ለቋቸው ይመለሳሉ፤ ነገር ግን በምርኩዝ ተደግፈው እስከ ምግብ ጠረጴዛው ይሄዱ የነበሩት ሰው ከእንግዲህ አይሄዱም። ሕመሙ የሳምባ ምች ነበር። መድኃኒቱም ብዙ ጊዜ እዚያው መጦሪያ ቤቱ ቁም ሣጥን ውስጥ ተቆልፎበት ይገኛል።

ከነዚህ ሰዎች ውስጥ ጥፋተኛው ማን ነው ብለን ብንጠይቅ መልስ አናገኝም። ረዳቲቱ ያየችውን ተናግራለች፤ ነርሷ ሳትዘገይ ደውላለች፤ ሐኪሙም ከአደጋ የሚርቀውን መንገድ መርጧል። ጉድለቱ ከሰዎቹ ሳይሆን ከአሠራሩ ነው። ባልቴቲቱን የሚያውቀው ሰው ለማዘዝ አይችልም፤ ለማዘዝ የሚችለውም ሰው ባልቴቲቱን አያውቃቸውም።

እኛም ከዩኒቨርስቲ ወጥተን ሥራ በጀመርንበት ሰሞን፣ በትንሹም ቢሆን፣ የዚህን ነገር ጣዕም ቀምሰነዋል። በአንድ መሥሪያ ቤት አንዲት ተራ ደብዳቤ አሥራ አንድ ቀን ስትጉላላ አይተናል። ጉዳዩን ከሥሩ የሚያውቀው ጸሐፊ ረቂቁን ጽፎ ጨርሷል፤ የሚፈርሙት ሹም ግን ስብሰባ ላይ ነበሩ፤ ከስብሰባው ሲመለሱም ጉዳዩን ስለማያውቁት ለሌላ ክፍል አስተያየት መሩት። ያን ጊዜ የዘገየው የአንድ ባለጉዳይ ወረቀት ነበር። በመጦሪያ ቤት ግን የሚዘገየው ሌላ ነው።

በአሜሪካ ወደ 15 ሺህ የሚጠጉ መጦሪያ ቤቶች፣ በእነርሱም ውስጥ ከ1 ሚሊዮን 200 ሺህ የማያንሱ ሰዎች አሉ። የፌዴራሉ መንግሥት ደንብ ሐኪም እነዚህን ሰዎች ቢያንስ በመጀመሪያዎቹ 90 ቀናት በየ30 ቀኑ፣ ከዚያ ወዲያ በየ60 ቀኑ እንዲያያቸው ያዛል። በሁለት ወር አንድ ጊዜ ማለት ነው። በ1987 የወጣው የመጦሪያ ቤቶች ማሻሻያ ሕግ ደግሞ ከፍ ያለ ትምህርት ያላት ነርስ በቀን ለስምንት ሰዓት እንድትገኝ ሲያዝ፣ ለቀረው አሥራ ስድስት ሰዓት ዝቅ ያለ ፈቃድ ያላት ነርስ ትበቃለች ይላል። (በዚህ ጽሑፍ የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮጳ አቆጣጠር ናቸው።) በ2024 ይህች ነርስ ሌሊትና ቀን እንድትገኝ የሚያስገድድ ደንብ ወጥቶ ነበር፤ ዳሩ ግን በ2025 በቴክሳስ የሚገኝ የፌዴራል ፍርድ ቤት ሻረው። እንግዲህ ሐኪሙም ሩቅ፣ ከፍተኛዋም ነርስ ከስምንት ሰዓት በላይ የማትገደድበት ቤት ውስጥ፣ ሕመም መቼ እንደሚመጣ ማንም አይቀጥረውም።

ለዚህ ችግር ከተገኙት መፍትሔዎች አንዱ ነርስ ፕራክቲሽነር የምትባለዋን ባለሙያ ወደ መጦሪያ ቤቱ የሥራ ጓዶች መጨመር ነው። ነርስ ፕራክቲሽነር ማለት በመጀመሪያ የነርስነትን ትምህርት ጨርሳ ፈቃድ ያገኘች፣ ከዚያም በማስትሬት ወይም በዶክትሬት ደረጃ ተምራ ብሔራዊውን ፈተና ያለፈች፣ በሽተኛ ለመመርመር፣ የሕመሙን ዓይነት ለመለየት፣ የላቦራቶሪ ምርመራ ለማዘዝና መድኃኒት ለመጻፍ የተፈቀደላት ነርስ ናት። ወንዶችም በዚሁ ሙያ አሉ፤ የሚበዙት ሴቶች ስለሆኑ ግን በሴት አንቀጽ እንጽፋለን። በ2023 በአሜሪካ ቁጥራቸው ከ385 ሺህ በላይ ደርሶ ነበር።

የሙያው አጀማመር ሊታወቅ ይገባዋል። በኮሎራዶ ክፍለ አገር ገጠር ለገጠር እየዞረች የምትሠራ ሎሬታ ፎርድ የምትባል የሕዝብ ጤና ነርስ ነበረች። በምትሄድበት መንደር ሐኪም የለም፤ እናቶች ሕፃኖቻቸውን ይዘው የሚጠብቁት እርሷን ነው። እርሷም የምታየውን እያወቀች፣ ማድረግ የሚገባውንም እየገመተች፣ «ሐኪም ዘንድ ውሰዱት» ከማለት በቀር ፈቃድ አልነበራትም። በ1965 ከሕፃናት ሐኪሙ ከዶክተር ሄንሪ ሲልቨር ጋር ሆና በኮሎራዶ ዩኒቨርስቲ የመጀመሪያውን የነርስ ፕራክቲሽነር ትምህርት ከፈተች። ተቃውሞው ከሐኪሞች ብቻ የመጣ እንዳይመስል፤ «ነርስነትን ትታችሁ የሐኪም ጥላ ልትሆኑ ነው» በሚል ስሜት አጥብቀው የተቃወሙት የነርስ መምህራን ጭምር ነበሩ። ፎርድ በ2025 በ104 ዓመቷ ስታርፍ፣ ያቋቋመችው ሙያ ከሕፃናት አልፎ እስከ ሽማግሌዎች አልጋ ደርሶ ነበር።

እዚህ ላይ ስለ አገራችን አንድ ቃል ሳንናገር ብናልፍ ደስ አይለንም። ኮሎራዶ ያን ትምህርት ከመክፈቷ ከአሥራ አንድ ዓመት በፊት፣ በ1954፣ በጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ተቋቁሞ ነበር። ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት በደምቢያ የወባ ወረርሽኝ ገብቶ ብዙ ሰው ጨርሷል፤ አገሪቱም የነበሯት ሐኪሞች በጣት የሚቆጠሩ ነበሩ። ኮሌጁ የጤና መኮንን፣ የማኅበረሰብ ነርስና የአካባቢ ጤና ባለሙያ አሠልጥኖ በአንድ ጓድ እያደረገ ወደ ጤና ጣቢያዎች ላከ። የጤና መኮንን እንደ ነርስ ፕራክቲሽነር በነርስነት የጀመረ አይደለም፤ ትምህርቱም መንገዱም ሌላ ነው። ነገር ግን ሁለቱን የወለደው አሳብ አንድ ነው፤ በሽተኛው ባለበት ሥፍራ ሐኪም ከሌለ፣ እዚያው ያለውን ሰው አስተምሮ የመወሰን ሥልጣን መስጠት ይገባል የሚል ነው። ለኢትዮጵያ የጤና መኮንን የምንመካበት የቆየ ነገር ስለሆነ፣ የአሜሪካኖቹ ክርክር ለእኛ አንባቢ እንግዳ አይሆንበትም።

ወደ መጦሪያ ቤቶቹ እንመለስ። በ1987 በሚኒሶታ ሁለት ነርስ ፕራክቲሽነሮች ኤቨርኬር የተባለ አሠራር ጀመሩ። አሠራሩ ከባድ አይደለም፤ ለተወሰኑ አረጋውያን አንዲት ነርስ ፕራክቲሽነር ትመደባለች፤ እርሷም እየተመላለሰች ታያቸዋለች፤ ከሐኪማቸው፣ ከመጦሪያ ቤቱ ሠራተኞችና ከቤተሰባቸው ጋር አገናኝ ሆና ትሠራለች። በሚኒሶታ ዩኒቨርስቲ ያስተምሩ የነበሩት ዶክተር ሮበርት ኬንና ጓደኞቻቸው ይህን መርምረው በ2003 ባሳተሙት ጥናት፣ ነርሷ ያልተመደበችላቸው አረጋውያን ሆስፒታል የሚገቡበት ጊዜ ነርሷ ከተመደበችላቸው እጥፍ ያህል ሆኖ ተገኘ። በገንዘብ ሲተመንም አንዲቷ ነርስ በዓመት ወደ 103 ሺህ ዶላር የሚጠጋ የሆስፒታል ወጪ እንዳስቀረች ገመቱ።

ከዚያ በኋላ የፌዴራሉ መንግሥት ራሱ በ2012 በሰባት ክፍላተ አገር ፈተናውን ጀመረ። በሚዙሪ የተካሄደውን የመራው የሚዙሪ ዩኒቨርስቲ የነርስ ትምህርት ቤት ሲሆን፣ በሴንት ሉዊስ ከተማና በአካባቢዋ በ16 መጦሪያ ቤቶች በእያንዳንዱ አንዲት ከፍተኛ ነርስ ሙሉ ጊዜዋን እንድትውል ተደረገ። ወደ ሆስፒታል የሚላኩት ሰዎች ቁጥር ወደ 30 በመቶ ገደማ ቀነሰ። ከሰባቱ ሥፍራዎች ይበልጥ ውጤት ያሳዩት ነርሷ እዚያው ቤት ውላ በሽተኛውን ራሷ የምታይባቸው ሲሆኑ፣ ሠራተኛውን አሠልጥኖ መሄድ ብቻ የሆነባቸው ወደ ኋላ ቀርተዋል። በ2016 በተጀመረው ሁለተኛ ክፍል ደግሞ ለመጦሪያ ቤቶቹ በሽተኛውን እዚያው ካከሙት ገንዘብ እንጨምርላችኋለን ተባለ። የተመረጡት ሕመሞች ስድስት ነበሩ፤ የሳምባ ምች፣ የልብ ድካም፣ አስምና ሌላው ሥር የሰደደ የሳምባ በሽታ፣ የቆዳ ቁስል መመረዝ፣ የሰውነት ውሃ ማጣትና የሽንት ቧንቧ ሕመም። ገንዘቡ ብቻውን ግን ነርሷ ያመጣችውን ያህል ውጤት አላመጣም። ለገንዘብ ሚኒስቴር ሠራተኞች ይህች ነገር ልብ ሊሏት የምትገባ ናት።

አሁን አንባቢያችን፣ «ይሁን፤ ነገር ግን ነርስ ፕራክቲሽነሯስ ሌሊት ወደ ቤቷ ሄዳ አትተኛምን? ያን ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ምን አደረጋችሁት?» ብለው ቢጠይቁን ጥያቄው የሚገባ ነው። እኛም ነገሩን ማጥናት ስንጀምር የተሰናከልነው በዚሁ ነበር። በእርግጥም በአብዛኛው የምትሠራው በቀን ነው። መልሱ ያለው ከሌሊቱ ላይ ሳይሆን ከሌሊቱ በፊት ባሉት ሁለት ቀኖች ላይ ነው። ሽማግሌ ሰው እንደ ጎልማሳ በድንገት ተንቀጥቅጦ አይወድቅም፤ ሕመሙ ቀስ እያለ ይመጣል። መጀመሪያ የሚታየውም ትኩሳት ላይሆን ይችላል። ምግቡን ይተዋል፤ ውሃ ያንሰዋል፤ ወሬውን ይቀንሳል፤ ወደ መጸዳጃ ለመሄድ ድጋፍ ይሻል።

ይህን ለማየት በጣም የተመቻት ደግሞ ሐኪሙም ነርስ ፕራክቲሽነሯም ሳይሆኑ፣ የምታጥበውና የምታጎርሰው ረዳት ናት። ስለዚህ በሚዙሪው ሥራ ውስጥ ከተሠራባቸው መሣሪያዎች አንዷ ስቶፕ ኤንድ ዎች የምትባል አንዲት ወረቀት ናት፤ «ቁም፣ ተመልከት» ማለት ነው። ወረቀቷን ለመሙላት የሕክምና ትምህርት አያስፈልግም። «እንደ ወትሮው አይደሉም፤ ያነሰ ያወራሉ፤ ያነሰ በሉ፤ ያነሰ ጠጡ፤ ክብደታቸው ተለወጠ፤ ተቁነጠነጡ፤ ደከሙ፤ የቆዳቸው ቀለም ተለወጠ» የሚሉ ቃላት ተዘርዝረዋል፤ ረዳቷ ያየችውን ታከብባለች፤ ወረቀቱን ትሰጣለች። ወረቀት መሙላት በየትም አገር አለ። እዚህ ላይ ልዩነቱ፣ ወረቀቱን ተቀብሎ በዚያው ሰዓት ተነሥቶ የሚሄድ፣ ደረት የሚያዳምጥ፣ አስፈላጊውንም ሕክምና የሚያስጀምር ሰው በዚያው ቤት መኖሩ ነው።

እንግዲህ የኛን ባልቴት ታሪክ ሁለት ቀን ወደ ኋላ ብንመልሰው፣ ረዳቲቱ ከቀትር በኋላ «ያነሰ ጠጡ» የሚለውን ታከብባለች፤ ነርስ ፕራክቲሽነሯ ወደ ክፍላቸው ትገባለች፤ የሳምባቸውን ድምፅ ሰምታ ደማቸው እንዲመረመርና ደረታቸው በተንቀሳቃሽ ራጅ እንዲነሣ ታዛለች፤ ማታ መድኃኒቱ ተጀምሮ ያድራል። ለልጃቸውም ስልክ ደውላ ሁኔታውን ትነግራለች። ለሌሊቱ ነርስ፣ ትኩሳቱ ከዚህ ቢያልፍ ይህን አድርጊ፣ ትንፋሻቸው እንዲህ ቢሆን አምቡላንስ ጥሪ ብላ ጽፋ ትሄዳለች። በሌሊቱ ስምንት ሰዓት ይወሰን የነበረው ጉዳይ በቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ተወስኖ አልቋል።

ከዚህ ሌላ ያላት ሥራ ብዙ ነው። አንድ ሽማግሌ በልዩ ልዩ ዘመን፣ በልዩ ልዩ ሐኪም የታዘዙለትን አሥርና አሥራ ሁለት ዓይነት መድኃኒቶች ሲውጥ ይገኛል፤ አንዳንዱ አዙሮ የሚጥለው፣ አንዳንዱ የሌላውን ጉዳት ለማብረድ የተጨመረ ነው። ነርስ ፕራክቲሽነሯ እነዚህን አንድ በአንድ እየመረመረች፣ ከሐኪሙና ከመድኃኒት ባለሙያው ጋር እየተመካከረች የማያስፈልገውን ታስቀራለች። ከሁሉ የሚከብደው ግን፣ ከአረጋዊውና ከቤተሰቡ ጋር ተቀምጦ፣ «ሕመሙ ቢጠናብዎ ምን እንዲደረግልዎ ይፈልጋሉ? ሆስፒታል ይወሰዱ ወይስ እዚሁ ይሁኑ?» ብሎ መጠየቅ ነው። በእኛ አገር ጧሪ ቀባሪ አያሳጣህ ብለን ስንመርቅ ሁለቱን በአንድ ትንፋሽ እንላቸዋለን እንጂ በመካከላቸው ስላለው ጊዜ መነጋገር አንወድም። እነርሱም ቢሆኑ አይወዱትም፤ ይህን ንግግር ለማካሄድ በሁለት ወር አንድ ጊዜ ለጥቂት ደቂቃ ብቅ የሚል ሰው አይበቃም።

የሐኪሞችን ተቃውሞ በቀላሉ ልናልፈው አንወድም። የአሜሪካ ሐኪሞች ማኅበር ነርስ ፕራክቲሽነሮች ያለ ሐኪም ተቆጣጣሪነት እንዲሠሩ መፈቀዱን ለብዙ ዓመታት ሲቃወም ኖሯል። ሐኪም ከሕክምና ትምህርት ቤት ወጥቶ ቢያንስ ሦስት ዓመት በሆስፒታል ይሠለጥናል፤ ነርስ ፕራክቲሽነር ለመሆን ግን ለረጅም ጊዜ የተጠየቀው ዝቅተኛ የተግባር ትምህርት 500 ሰዓት ነበር። ልዩነቱ ትልቅ ነው፤ በመጦሪያ ቤት ያሉትም ሰዎች ሕመማቸው የተደራረበ እንጂ ቀላል አይደለም። እኛም ሐኪሙ ከጓዱ ይውጣ የሚሉትን አንደግፍም። የፌዴራሉም ደንብ ቢሆን ከሆስፒታል ወጥቶ ለተጠናከረ እንክብካቤ የገባን ሰው የመጀመሪያውን ሙሉ ምርመራ ሐኪም እንዲያደርግ ያዛል፤ ከዚያ በኋላ ሐኪሙና ነርስ ፕራክቲሽነሯ እየተፈራረቁ ሊያዩት ይችላሉ። ነገር ግን ተቃውሞው አንድ ነገር ይዘነጋል። ነርስ ፕራክቲሽነሯ የምትነጻጸረው ከአልጋው አጠገብ ከቆመ ሐኪም ጋር ቢሆን ኖሮ ክርክሩ ይገባን ነበር። በዚያ ቤት የምትነጻጸረው ግን ከስልክ ጋር ነው።

ከሐኪሞቹ ተቃውሞ ይልቅ እኛን ያሳሰበን የገንዘቡ ነገር ነው። ሆስፒታል አለመላክ ገንዘብ የሚያተርፍ ከሆነ፣ ሊላክ የሚገባውም ሰው እንዳይላክ የሚገፋፋ ሰው መነሣቱ አይቀርም። በ2025 አንድ ትልቅ የኢንሹራንስ ኩባንያ፣ ወደ ሆስፒታል የሚልኩትን ለቀነሱ መጦሪያ ቤቶች ጉርሻ ይሰጥ ነበር፣ በዚህም የተጎዱ አረጋውያን አሉ ተብሎ በጋዜጣ ወጥቶበታል፤ ኩባንያው ሐሰት ነው ሲል አስተባብሏል። ክሱ እውነት ሆነም አልሆነ፣ ለነርሷ ደመወዝ የሚከፍላት ማን እንደሆነ መጠየቅ ተገቢ ነው። የምትወስን ሰው፣ «ይህ ሰው አሁኑኑ ሆስፒታል መሄድ አለበት» ስትል ማንም እንዳይቆጣት ካልተደረገ፣ ሥልጣኗ ግማሽ ሥልጣን ነው። የካናዳዋ የኦንታሪዮ ክፍለ ሀገር መንግሥት ለመጦሪያ ቤቶች ነርስ ፕራክቲሽነሮች ሲመድብ ደመወዛቸውን ከሕዝብ ገንዘብ ማድረጉ በዚህ በኩል የተሻለ ይመስለናል።

በአገራችን ሽማግሌ የሚጦረው በልጁ ቤት ነው። ነገር ግን ልጁ የሌለው፣ ወይም ልጁ ሩቅ አገር የሄደበት እየበዛ ነው፤ በአዲስ አበባ መቄዶንያ የአረጋውያንና የአእምሮ ሕሙማን መርጃ ማዕከል በሺህ የሚቆጠሩ ሰዎች ተጠልለው ይገኛሉ። በዚህ ዓይነት ቤት አንድ ጤና መኮንን ወይም ብርቱ ነርስ ሙሉ ጊዜዋን ውላ የምትወስንበት ደንብ ምን ዓይነት እንደሚሆን፣ በጤና ጥበቃ መሥሪያ ቤት ያሉት ወጣት ባለሙያዎች ቢያስቡበት ሌላ ሰው መጠበቅ አያስፈልጋቸውም።

ስለ ረዳቲቱ አንድ ነገር ጨምረን እናቁም። በአሜሪካ ረዳት አስታማሚ ለመሆን የፌዴራሉ ሕግ የሚጠይቀው ትምህርት ቢያንስ 75 ሰዓት ነው፤ አዲስ የመጣ ሰው በጥቂት ሳምንት ሥራ ሊይዝ ይችላል። ከአገራችን ልጆች መካከል በዚህ ጀምረው፣ ሌሊት እየሠሩ ቀን እየተማሩ ነርስ የሆኑ፣ ከዚያም አልፈው ነርስ ፕራክቲሽነር የሆኑ አሉ። ከነዚህ አንዷ በዋሽንግተን ከተማ ፈቃድ ብታገኝ ያለ ሐኪም ውል በራሷ ፊርማ ልትሠራ ትችላለች፤ በአሜሪካ ከግማሽ በሚበልጡት ክፍላተ አገርም እንዲሁ ነው። የፖቶማክን ወንዝ ተሻግራ ቨርጂኒያ ብትቀጠር ግን አስቀድማ ለተወሰኑ ዓመታት ከሐኪም ጋር በውል መሥራት ይኖርባታል። ቴክሳስ ወይም ጆርጂያ ብትሄድ ውሉ እስከ መጨረሻው ይከተላታል። ፈተናው አንድ ብሔራዊ ፈተና ነው፤ የምታዳምጠውም ያንኑ የሽማግሌ ደረት ነው። መንግሥት ለአረጋውያን በሚከፍለው የጤና ኢንሹራንስም ቢሆን፣ ለዚያው ምርመራ ሐኪም 100 ዶላር ሲከፈለው እርሷ የምታገኘው 85 ነው።